ለአንድ ሰው የተላኩ ሽማግሌዎች

«ሐሳብሽ ያንቺ ነው፤ እግርሽ ግን የእኛ ነው» አሉኝ ሐጂ ኑሩ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አክስቴ ቤት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ ግማሽ ሳምቡሳ በእጃቸው ይዘው ነው ያሉኝ። 2020 ፌብሩዋሪ ነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሐጂ የተሳሳቱት ነገር አልነበረም። በማግስቱ የሚቆጠረው በእርግጥም እግር ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ በአባቴ ዲቪ መጣን፤ አባቴ አገሩ አልስማማ ብሎት ሲመለስ እኔ ሃይስኩል እንድጨርስ ተብዬ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ አክስቴ ቤት ቀረሁ። ሃይስኩሉን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ የጨረስኩት ነገር የለም። ኮሌጅ ተመዘገብኩና ክፍል ሳልገባ ተውኩት። ፀጉር ቤት ገብቼ ከባለቤቷ ጋር ተጣላሁ። በመጨረሻ አንድ ኤጀንሲ ባንኬት አስተናጋጅ አደረገኝ፤ ሆቴሎች ድግስ ኖሯቸው ሰው ሲጎድላቸው እጠራለሁ፣ ካልጎደላቸው ስልኬን እያየሁ እውላለሁ። የራሴ የጤና ኢንሹራንስ የለኝም። አንድ ጊዜ የምግብ ማሞቂያ ውሃ ክንዴን ሲያቃጥለኝ ማር ቀብቼ ነው ያዳንኩት፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

አክስቴን እትዬ ፋጡማ እላታለሁ። እዚያው እኔ አልፎ አልፎ የምጠራበት ትልቅ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ግን እሷ ቋሚ ናት፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል ናት፣ ጥሩ ኢንሹራንስ አላት። ባሏ ጋሼ ከማል ታክሲ ይነዳል። ዝምተኛ ነው። በዚያ ሰሞን የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን ነድቶ ግማሽ ቀን ይተኛ ነበር። ሄንደርሰን ያለ ሆስፒታል ለኤፕሪል የኦፕሬሽን ቀጠሮ ሰጠው። የሚከፍለው የእትዬ ኢንሹራንስ ነው። ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ እንኳ አታስቀምጠውም፤ ደረቷ ውስጥ ነው የምትይዘው።

ምርጫ ሲባል ወረቀትና ሳጥን የሚመጣላችሁ ከሆነ የእኛን አታውቁትም። እኛ ስቴት ያን ጊዜ ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበው ዕጩ የሚመረጠው በመቆም ነበር። ኮከስ ይሉታል። አዳራሽ ትገባላችሁ፣ የምትደግፉት ሰው ስም የተለጠፈበት ጥግ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ፣ እንደ በግ ትቆጠራላችሁ። የአንዱ ጥግ ሰው ከተቀመጠው ልክ ካነሰ ያ ጥግ ይፈርሳል፤ የፈረሰበት ሰው ወይ ሌላ ጥግ ይሄዳል፣ ወይ ከሌላ ከፈረሰ ጥግ ሰው ለምኖ አምጥቶ ይሞላል። ልኩን የሞላ ጥግ ለካውንቲው፣ ለአውራጃው እንደማለት፣ ጉባኤ ወኪል ይመርጣል። ምስጢር የለም። አለቃሽ ያይሻል፣ አክስትሽ ታይሻለች። የሥራ ሰዓት የማያስወጣቸው የካዚኖ ሠራተኞችና በአካባቢው የሚሠሩ ሹፌሮች እንዲሳተፉ ደግሞ አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ አዳራሽ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ የእኛው ነው።

ከእኛ በፊት የሚመርጡት ሁለት ስቴቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያን ሰሞን ፕሬዚዳንት መሆን ያማረው ሁሉ የሠራተኛ መግቢያችን በር ላይ ነበር። አንዱ ኩሽና ድረስ ገብቶ እጅ ሲጨብጥ ሳህን አጣቢው የሳሙና ጓንቱን ሳያወልቅ ጨበጠው። ኒው ጀርሲ ላለችው የአጎቴ ልጅ ለሐያት ደውዬ ይህን ስነግራት ሳቀች።

«እናንተማ አንደኛ ገበታ ናችሁ» አለችኝ። «እኛ ጋ ተራው ሰመር ላይ ነው የሚደርሰው። እስከዚያ ሥጋው አልቆ መረቁን ታስተርፉልናላችሁ።»

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ሐጂ ኑሩ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በዚያው ሆቴል በሴኩሪቲነት ይሠራሉ። የመጡት ሐበሻው ሁሉ አንድ ጥግ እንዲቆም ሊነግሩን ነው። የመረጡት ሰው «ያላችሁን ኢንሹራንስ አልነካም» የሚለውን ነው። እኔ ደግሞ «የሥራ ኢንሹራንስ ቀርቶ መንግሥት ለሁሉም ሰው ይስጥ» ከሚሉት አንዷን እደግፋለሁ አልኩ። በቃ፣ ቤቱ ተናወጠ።

«የማንን ኢንሹራንስ ነው የምትሰጪው?» አለች እትዬ። «የከማልን?»

«እትዬ፣ የሚመረጠው ሰው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የዛሬ ዓመት ጃንዋሪ ነው። የጋሼ ኦፕሬሽን ኤፕሪል ነው። ምን አገናኘው?»

«ቤት ሲቃጠል ካላንደር ታያለሽ አንቺ?»

«እየተቃጠለ አይደለማ!»

ሐጂ ያን አባባላቸውን የተናገሩት ይሄኔ ነው። ጋሼ ከማል ትራስ ተደግፎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ድምፁ ግን ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ እኔ የጠዋት ሺፍት ነበረኝ። የሚገርመው፣ አዳራሹን ያዘጋጀነው እኛው ነን፤ ጠረጴዛ አውጥተን፣ ወንበር ደርድረን፣ የውሃ ጆግ አስቀመጥን። ቀትር ላይ ብሬክ ወጣሁና ጥቁር ሽርጤን ሳላወልቅ በእንግዳ በር ገባሁ። ሁሉም በዩኒፎርም ነው። ካርታ አዳዮች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች፣ ምግብ አብሳዮች። የቴሌቪዥን ካሜራ ከሠራተኛው ይበዛል።

እትዬ ፋጡማ መስኮቱ በኩል ካለው ጥግ ከሐበሾቹ ጋር ቆማለች። እኔን ስታይ ጭንቅላቷን ወደ ራሷ ነቀነቀች፤ ነይ ማለቷ ነው። እኔ ወደ ግራ ታጠፍኩ። የእኔ ጥግ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን፤ አንድ ኬክ ጋጋሪ ሜክሲኳዊ፣ ሁለት ፊሊፒናዊ እህትማማቾች፣ ጥቂት ሌሎች። ጀርባዬ ላይ የእትዬ ዓይን ይሰማኝ ነበር።

ተቆጠርን። ስብሰባውን የምትመራው ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ውጤቱን በማይክራፎን ተናገረች። የእኛ ጥግ ፈረሰ፤ ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት የእነ እትዬን ነው። ልኩን ለመሙላት አንድ ሰው ጎደላቸው። አንድ።

«አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ» አለች ሴትዮዋ። «ልኩን የሞላ ጥግ ውስጥ ያለ ሰው መንቀሳቀስ አይችልም። የፈረሰባችሁ ግን ተነጋገሩ፣ ተግባቡ።»

ሜክሲኳዊው ወደ ትልቁ ጥግ ሄደ፤ እዚያም መንግሥት ለሁሉም ይስጥ የሚሉ ናቸው። እህትማማቾቹና ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ልከተል አንድ እግሬን እንዳነሳሁ፣ ከመስኮቱ ጥግ ሦስት ሰዎች ተነጥለው በአዳራሹ መሃል ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ቀስ ብለው፣ ጎን ለጎን። ሐጂ ኑሩ፣ ኮት ለብሰው። የሆቴሉን አውቶቡስ የሚነዱት ጋሽ መኮንን፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ሦስተኛው፣ ታክሲውን ደጅ አቁሞ የመጣው ጋሼ ከማል ነው።

አገሬው ሰው ሊያግባባ ሲሮጥና በራሪ ወረቀት ሲያድል፣ የእኛ ሰዎች ሽማግሌ ላኩብኝ።

ደርሰው ፊት ለፊቴ ተሰልፈው ቆሙ። ደንግጬ ራሴ የደረደርኳቸውን ወንበሮች ሳብኩላቸው።

«አረፍ በሉ።»

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውሃም አይጠጣም። ግን ይህ ለጋብቻ ነው፣ ለእርቅ ነው። ለአንድ የኮከስ ድምፅ ሽማግሌ ሲቆም ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ልጃችን ነሽ» አሉ ሐጂ። የትናንቱ ድምፅ አይደለም፤ ለስልሷል። «አንድ ሰው ጎደለን። ያ ሰው ከሌላ ቤት ቢሆን እንለምነው ነበር። ከእኛው ቤት ስለሆነ ደግሞ አብልጠን እንለምናለን።»

«እኔ ለልጄ ሚስት ስለምን እንኳ እንዲህ ወገቤን አላመመኝም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ቶሎ በይ የኔ ልጅ፣ ኤርፖርት የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።»

ጋሼ ከማል የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነበር። ጣቶቹ ነጥተዋል፣ ከንፈሩ ደግሞ ጠቁሯል። እትዬ ማንን እንደምትልክ ጠንቅቃ አውቃለች።

«ጋሼ፣ አንተ እንኳ ተቀመጥ።»

«አብሬ መጥቼ እንዴት ለብቻዬ እቀመጣለሁ?»

«ዶክተሩ ብዙ አትቁም ብሎህ የለም?»

«ብሎኛል።»

«ብቻህን ብትሆን የት ትቆም ነበር?»

«እኔ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም» አለኝ።

ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ መጣች። ሦስት ወንዶች አንዲት ሴት ከበው ሲቆሙ አይታ ነው። «ችግር አለ? ሴኩሪቲ ልጥራ?» አለችኝ።

ሐጂ ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ አሳዩዋት። «ሴኩሪቲው እኔ ነኝ» አሉ።

«ሽማግሌዎች ናቸው» አልኳት። «እሺ እስክላቸው አይቀመጡም።»

ሴትዮዋ እነሱን አየች፣ እኔን አየች። «ደንቡ መጮህ ነው የሚከለክለው» አለች። «መቆም አይከለክልም።» ሰዓቷን አይታ ሄደች። ካሜራው ግን ወደ እኛ ዞረ።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ስለ ፕሬዚዳንት አላሰብኩም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ፤ ጋሼ ከማል እዚያ ሊወድቅ ይችላል፣ የሚያስቀምጠውም የእኔ አንድ ቃል ብቻ ነው። እምቢ ብዬ ወደ ትልቁ ጥግ ብሄድ እዚያ ማንም አይፈልገኝም፤ ሞልቷል። እሺ ብል ደግሞ ሐጂ ትናንት እንዳሉት ይሆናል፤ እግሬ ተቆጥሮ እኔ እቀራለሁ። ከዚህ በፊት ማንም ምንም ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ወንበር አምጪ፣ ውሃ ቅጂ፣ ሺፍት ግቢ እንጂ። የተለመነ ሰው ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚችል ከአገር ቤት አውቃለሁ። ቃል ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃል።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ። ሐጂ ፊታቸው ሊፈታ ሲል ቀጠልኩ። «ግን ለጉባኤው የምንመርጠው ወኪል እኔ ነኝ።»

ሐጂ ኮታቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ። ለምን ኮት ለብሰው እንደመጡ ያኔ ገባኝ።

«ወኪል የሚሆነው እኮ» አሉ፣ «ሰው የሚያውቀው፣ እድሜ ያለው...»

«እድሜ ያለውማ አንድ ሰው ጎደለው።»

«አንቺ ልጅ!»

ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ወይ ጉድ! ሙሽራዋ ራሷ ጥሎሽ ጠየቀች!»

«የማታምኝበትን ሰው ወክለሽ ምን ልትይ ነው?» አሉ ሐጂ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

«የቆማችሁበትን ምክንያት እናገራለሁ» አልኩ። «እትዬ ለምን እንደምትፈራ ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ፤ አብሬያት ነው የማድረው። የእኔንም ክንድ አሳያለሁ። ሁለቱንም ወገን።»

የቀረችን ደቂቃ እያለቀች ነው። የጋሼ ከማል ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ አየሁ። እትዬም ከመስኮቱ ጥግ አይታዋለች። ድምጿ አዳራሹን ሰነጠቀው።

«ሐጂ! እሺ በሏት! ባሌን አስቀምጡልኝ!»

ሐጂ ወደ ኋላ ዞረው አዩዋት፣ ከዚያ እኔን።

«እሺ» አሉ።

ጋሼ ከማል ያኔ ተቀመጠ። ውሃ ቀዳሁለት፣ እስኪጠጣ ጠበቅኩት፣ ከዚያ ሽርጤን አስተካክዬ ምንጣፉን አቋርጬ ወደ መስኮቱ ጥግ ሄድኩ። እትዬ ክንዴን፣ ጠባሳው ላይ፣ ቆንጥጣ ይዛ ከጎኗ አቆመችኝ። ተቆጠርን። ሞላን። ወኪል ማነው ሲባል ሐጂ ኑሩ ራሳቸው ስሜን ጠሩ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ሰላምታ ግን ለብዙ ጊዜ ነፈጉኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሽማግሌ የተለመንኩለት ሰው ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ውድድሩ በቃኝ አለ። እትዬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «የማን ልጅ ነው ይሄ?» ብላ ጣቢያውን ቀየረች። እኔ መጀመሪያ የቆምኩላትም ሴት ከውድድሩ ወጣች። ሐያት ደውላ «በቃ ሥጋውን ጨረሳችሁት አይደል?» አለችኝ። ሰመር ላይ የእሷ ተራ ሲደርስ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ይህ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። እኔ በሽርጥ ቆሜ ያደረግኩትን እሷ በዲግሪዋ ማድረግ አልቻለችም፤ ከእሷ ስለምበልጥ አይደለም፣ ቀድሜ ስለተቀመጥኩ ነው። ግን ገበታው የተዘረጋው እኔ ፊት ነበርና አልተነሳሁም።

ማርች ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ሆቴሎቹ ሁሉ ተዘጉ። መብራቱ የማይጠፋ ይመስለን የነበረ ጎዳና ጨለመ። የጋሼ ኦፕሬሽን ሆስፒታሉ አስቸኳይ ያልሆነ አንሠራም ስላለ ተላለፈ። እትዬ ከሥራ ወጣች፤ ኢንሹራንሱ ጥቂት ወራት ከቆየላት በኋላ ተቋረጠ። ደረቷ ውስጥ የነበረው ካርድ ፕላስቲክ ብቻ ሆነ። የማንም ፕሬዚዳንት እጅ አልነካውም። ሥራው ነው ይዞት የሄደው።

የካውንቲው ጉባኤ በኮምፒውተር ሆነ። መኝታ ቤቴ ተቀምጬ ተራዬ ሲደርስ ያልኩትን አልኩ፤ እትዬን ነገርኳቸው፣ ክንዴን ወደ ካሜራው አስጠጋሁ። ብዙም ያዳመጠ አልመሰለኝም። አንዲት ሴት ግን በኋላ ደወለችልኝ። ዳውንታውን ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሰዎች ማመልከቻ የሚያግዝ ትንሽ ቢሮ አላት። የጋሼን ነገር አስጀመረችልኝ፤ ስልክ ላይ ተራ ስጠብቅ ስንት ሙዚቃ እንደሰማሁ አልናገርም። ስቴቱ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ኢንሹራንስ ውስጥ ገባ። 2021 ላይ ኦፕሬሽኑ ተሠራለት። ሄንደርሰን ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ካርድ ሲጠየቅ እትዬ የመንግሥቱን ካርድ ከደረቷ አውጥታ ሰጠች። እኔን ሳታይ «ካርድ ካርድ ነው» አለች። ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ይቺው ሴት ቢሮዋ ቀጠረችኝ። ስልክ አነሳለሁ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እስከ ዛሬ ያልተውኩት የመጀመሪያ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ስቴታችን በመቆም መምረጥን በሕግ አስቀርቶ በወረቀት አደረገው። ጥሩ አደረገ፤ የታመመ ሰው እግሩን ይዞ አይጎተትም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በምስጢር ወረቀት ቢሆን ኖሮ ማን ይለምነኝ ነበር? እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ሰው ቤት ያደጋችሁ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ጎድሎ ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሥራው ሲጸና ዳውንታውን ለቢሮው የምትቀርብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ያላገባች ሴት ለብቻዋ አትወጣም አለች። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ የምታውቀውን አደረገች። ሻንጣዬን በዘጋሁበት ቀን በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ኑሩ ናቸው፣ ኮት ለብሰው። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

«አረፍ ይበሉ ሐጂ።»

«እሺ እቀራለሁ ካላልሽ አልቀመጥም።»

እትዬ ኩሽና በር ላይ እጇን አጣምራ ታየናለች።

«ጋሼ ከማልስ?» አልኳት። «ከእሳቸው ጋር አልላክሽውም?»



እትዬ ፊቷን አዞረች። «ሻንጣሽን ይዞ ወርዷል» አለች። «በአንድ እጁ።»

ከታች የታክሲ ክላክስ ተሰማ። አንዴ፣ አጭር።

ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር አመጣሁና ከሐጂ ኑሩ ኋላ አስጠጋሁላቸው። ትከሻቸውን ሳምኳቸው። እትዬንም ሳምኳት። ጫማዬን ከበሩ ሥር፣ ከሐጂ ጫማ አጠገብ፣ አንስቼ አጠለቅኩና ወጣሁ።